ፎልደርን በኤፒአይ መፍጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ፎልደር በእጅ መክፈት የደቂቃ ሥራ ነው። 40 ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት «ለየቅርንጫፉ የ13 ወር ፎልደር ይከፈትልኝ» ሲል ግን 520 ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ሰው ወደ ኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲስተም ወደሚያዝበት በር፣ የሚመጣው። እኔም የመጣሁት እንደዚያ ነው።

የሰነድ ማከማቻ ሲስተሞች ብዙ ናቸው። እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ አልፍሬስኮ ነው። በነፃ የሚወርድ የማህበረሰብ እትም ስላለው ማንም ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ሊሞክረው ይችላል። ጉግል ድራይቭ ወይም ሼርፖይንት የተለየ ጠባይ የሚያሳይበት ቦታ ላይ እሱንም እጠቅሳለሁ። የአማርኛ ስም ያላቸው ፎልደሮች ላይ ደግሞ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙ ሰው የሚደክመው እዚያ ላይ ነው።

ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ዲስኩ ላይ ፎልደር ብከፍት አይበቃም?

አይበቃም። አልፍሬስኮ ውስጥ የምታዩት ፎልደር ዲስኩ ላይ የለም። ዳታቤዝ ውስጥ ያለ መዝገብ ነው። ስም አለው፣ መለያ አለው፣ ወላጅ አለው፣ የፈቃድ ዝርዝር አለው። ዲስክ ላይ የሚቀመጠው የፋይሎቹ ይዘት ብቻ ነው። እሱም ፋይሉ በገባበት ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ተከፋፍሎ፣ ሰው አንብቦ በማይረዳው ረጅም ስም ይቀመጣል። ዲስኩን ከፍታችሁ «የሰው ሀብት» የሚል ፎልደር ብትፈልጉ አታገኙም። እዚያ በእጃችሁ የምትከፍቱትንም ሲስተሙ አያውቀውም።

ታዲያ የሚላከው ጥያቄ ምን ይመስላል?

የኤችቲቲፒ ፖስት ጥያቄ ነው፤ በድር በኩል «አዲስ ነገር ፍጠር» ብሎ የሚላክ መልእክት ማለት ነው። አድራሻው ላይ የወላጁን ፎልደር መለያ ታስገባላችሁ፣ ከኋላው «ችልድረን» የሚለውን ቃል ትጨምራላችሁ። «እዚህ ፎልደር ሥር ልጅ ፍጠርልኝ» ማለታችሁ ነው። ከጥያቄው ጋር የሚሄደው ጄሰን (መረጃ በስምና በዋጋ የሚጻፍበት ጽሑፍ) ሁለት ነገር ይበቃዋል፦ ስሙ እና ዓይነቱ። ዓይነቱ «ሲኤም» ተብሎ፣ ሁለት ነጥብ ተደርጎ፣ «ፎልደር» ነው። ከፈለጋችሁ ርዕስና መግለጫም መጨመር ትችላላችሁ። ይህን ርዕስ የሚባለውን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ በጣም ይጠቅመናል።

የወላጁን መለያ ካላወቃችሁ መነሻ የሚሆኑ ሦስት አቋራጮች አሉ። «ሩት» የማከማቻው ሥር ነው። «ማይ» የገባው ሰው የራሱ ፎልደር ነው። «ሼርድ» የጋራው ነው። ሦስቱም ከፊትና ከኋላ ሰረዝ ተደርጎባቸው ነው የሚጻፉት። ሰረዙ ከተረሳ ሲስተሙ ቃሉን እንደ ተራ መለያ ቆጥሮ ይፈልገውና «የለም» ብሎ 404 ይመልሳል።

ነገሩ ከሠመረ 201፣ «ተፈጥሯል» የሚለው ቁጥር፣ ይመጣል። መልሱ ውስጥ የአዲሱ ፎልደር መለያ አለ። ያንን መለያ የሆነ ቦታ መዝግቡት። ነገ ሰው የፎልደሩን ስም ይቀይራል፣ ከነበረበት ያነሳውና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። መለያው ግን አብሮት ይኖራል። ፕሮግራማችሁ በመለያ ከሠራ ምንም አይሆንም። በስምና በመንገድ ከሠራ አንድ ቀን ይሰበራል።

409 መለሰልኝ። ምንድን ነው?

እዚያው ወላጅ ሥር በዚያው ስም ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። አልፍሬስኮ አንድ ወላጅ ሥር ሁለት ተመሳሳይ ስም አይፈቅድም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ከመፍጠሬ በፊት መኖሩን ልጠይቅ» ብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ሁለት ቀዳዳ ግን አለው።

አንደኛው ገጽ ነው። የወላጁን ልጆች ዝርዝር ስትጠይቁ አልፍሬስኮ ካልነገራችሁት በቀር የሚሰጣችሁ የመጀመሪያዎቹን 100 ብቻ ነው። ፎልደራችሁ 101ኛ ከሆነ «የለም» ትላላችሁ። ሙከራ ላይ 10 ፎልደር ብቻ ስለነበረ ሁሉ ነገር ሠርቶ ነበር። እውነተኛው ሥራ ላይ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በጠየቃችሁበትና በፈጠራችሁበት መካከል ሌላ ሰው ወይም የዚያው ፕሮግራማችሁ ሌላ ኮፒ ቀድሞ ሊፈጥረው ይችላል። ክፍተቷ ትንሽ ናት፣ ሥራው ሲበዛ ግን መከሰቷ አይቀርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሳትጠይቁ ፍጠሩ። 201 ከመጣ ጥሩ። 409 ከመጣ ያለውን በወላጁ በኩል አግኝታችሁ መለያውን ውሰዱና ቀጥሉ። ስታገኙት ግን ዓይነቱን እዩ፤ አንዳንዴ በዚያ ስም የተቀመጠው ፎልደር ሳይሆን ፋይል ሆኖ ይገኛል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ፕሮግራም አሥር ጊዜ ቢሮጥ ውጤቱ አንድ ነው። ይህን ጠባይ አጥብቄ ነው የምመክረው። መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ፣ አለቃ «እንደገና አስኪደው» ሲል ሳትጨነቁ ታስኬዱታላችሁ።

«ኦቶ ሪኔም» የሚባል ምርጫም አለ። እሱን ካበራችሁ 409 አይመጣም፣ ሲስተሙ ራሱ ስሙ ላይ ቁጥር ይቀጥልበታል። ሰው ለሚጭነው ፋይል ጥሩ ነው። ለፎልደር አወቃቀር ግን አትጠቀሙበት። ፕሮግራሙ ሁለቴ ሲሮጥ «ሐምሌ» እና «ሐምሌ-1» ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ ግማሹ ሠራተኛ አንዱ ውስጥ፣ ግማሹ ሌላው ውስጥ ያስገባል።

መልሱ ሳይመጣ ኔትወርክ ተቋረጠ። ፎልደሩ ተፈጥሯል ወይስ አልተፈጠረም?

ከእናንተ ወገን ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ጥያቄው ሳይደርስ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ደርሶ፣ ፎልደሩ ተፈጥሮ፣ መልሱ ሲመለስ ተቋርጦም ሊሆን ይችላል።

አልፍሬስኮ ላይ ደግማችሁ ላኩት። ተፈጥሮ ከነበረ 409 ይነግራችኋል፣ ሥራው አልቋል።

ጉግል ድራይቭ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ፎልደር ማለት ልዩ ዓይነት ያለው ፋይል ነው፣ አንድ ወላጅ ሥር በአንድ ስም የፈለጋችሁትን ያህል መፍጠር ይቻላል። ደግማችሁ ከላካችሁ ሳይከለክላችሁ ሁለተኛ ይፈጥራል። መድኃኒቱ አስቀድሞ መለያ መውሰድ ነው። ድራይቭ መለያዎችን ቀድሞ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያንን መለያ ይዛችሁ ስትፈጥሩ፣ ሁለተኛው ሙከራ 409 ይመልሳል። በስም ስትፈልጉ ደግሞ መጣያ ውስጥ ያሉትን እንዳያመጣ ለይታችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ የተጣለ ፎልደር ውስጥ ሰነድ ታስገባላችሁ።

ሼርፖይንትና ዋንድራይቭ በማይክሮሶፍት ግራፍ (በማይክሮሶፍት ኤፒአይ) በኩል ስም ሲጋጭ ምን ይደረግ የሚለውን እናንተው እንድትመርጡ ያደርጋሉ፦ ይክሸፍ፣ ይተካ፣ ወይም ስሙ ይቀየር። ለፎልደር «ይክሸፍ» የሚለውን ምረጡ።

«ስሙ ልክ አይደለም» እያለ 422 ይመልስብኛል። ስሙ ግን ትክክለኛ አማርኛ ነው!

ይህ ጥያቄ የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ጥያቄ ነው። አልፍሬስኮ ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ፦ ኮከብ፣ ድርብ ትምህርተ ጥቅስ፣ ሁለቱ ማዕዘን ቅንፎች፣ ሁለቱም ዓይነት እዝባር፣ የላቲኑ የጥያቄ ምልክት፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ እና ቀጥ ያለ መስመር። ስሙ በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ ማለቅም የለበትም።

አሁን የቢሮ አማርኛችንን አስቡት። ጽ/ቤት። መ/ቤት። ት/ቤት። ወ/ሮ። ክ/ከተማ። ሁሉም እዝባር አላቸው። «የቦሌ ክ/ከተማ ጽ/ቤት» ብላችሁ ስትልኩ ሁለት ጊዜ ትወድቃላችሁ። እዝባሩን መንገድ መለያያ አድርገው የሚያዩ ሲስተሞች ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ስህተት ሳይሉ «የቦሌ ክ» የሚል ፎልደር፣ እሱ ውስጥ «ከተማ ጽ»፣ እሱ ውስጥ «ቤት» ይፈጥሩላችኋል። የደብዳቤ ቁጥሮቻችንም ከዚህ አያመልጡም፣ እዝባር የሌለበት የደብዳቤ ቁጥር ማግኘት ከባድ ነው።

ቀጥሎ «2017 ዓ.ም.» አለ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ነጥብ ትጥላችኋለች። «2017 ዓ.ም» ያልፋል፣ «2017 ዓ.ም.» አያልፍም። የመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳፈጥ ነበር፣ ልዩነቱ አልታየኝም።

ከኤክሴል የተገለበጠ ስም መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ይዞ ይመጣል። እሱም ይጥላል። የግዕዙ ሁለት ነጥብ ግን ከላቲኑ የተለየ ፊደል ስለሆነ ያልፋል። ይለፍ እንጂ አትጠቀሙበት፤ ነገ ስሙን የሚፈልግ ሰው የትኛውን እንደሚጽፍ አታውቁም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስሙ ከመላኩ በፊት በአንዲት አጭር ፈንክሽን ውስጥ ያልፋል። እዝባሩ ይወጣና ቃሉ ይዘረዘራል፦ ጽሕፈት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ክፍለ ከተማ። የዳር ባዶ ቦታ ይቆረጣል። የመጨረሻ ነጥብ ይነሳል። ይህች ፈንክሽን አንድ ቦታ ብቻ ትሁን፣ ሁሉም ፕሮግራም እሷን ይጥራ።

አንድ ፎልደር ሁለት ጊዜ ተፈጠረ። 409ም አልመጣም። እንዴት?

ስሞቹን ፊደል በፊደል እዩዋቸው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የቅርንጫፎቹ ዝርዝር ከሁለት ክፍል ነው የመጣው። የሰው ሀብት ክፍሉ «ሐዋሳ» ብሎ ጽፏል። የፋይናንሱ «ሀዋሳ» ብሏል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ሐ» እና «ሀ» እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሁለት ፎልደር ተፈጠረ። ለወራት ሰነድ ወደ ሁለቱም ሲገባ ከረመ። የታወቀው ኦዲተሮች መጥተው ግማሹን ደረሰኝ ሲያጡ ነው። በሦስተኛው ዝርዝር ላይ ደግሞ «አዋሳ» የሚል ነበረ። ያንን ቅርንጫፍ የሚመሩት ሴትዮ «ልጄ፣ ወረቀቱን ሁሉ በጊዜው አስገብቻለሁ እኮ» ሲሉኝ የተሰማኝን እስከ አሁን አልረሳውም። እውነታቸውን ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይህ ችግር ሰፊ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። «ዓመት»፣ «አመት»፣ «ዐመት» ሦስት ፎልደር ናቸው። ጳጉሜ፣ ጳጉሜን፣ ጷጉሜን እንደዚሁ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን አያድናችሁም፤ እሱ አንድ ፊደል በሁለት መንገድ ሲጻፍ የሚያስተካክል ነው፣ እነዚህ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ማነጻጸሪያ ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። ስሙን ትወስዱና ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትቀይራላችሁ፣ ከነርባታቸው። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አንድ ታደርጋላችሁ። ለመፍጠር ስትነሱ የምታነጻጽሩት በቁልፉ ነው። ሰው የሚያየው ስም ግን በትክክለኛ ፊደሉ ይቆይ። ፊደል የምናጠፋበት ምክንያት የለም።

የተሻለው፣ እኔ አሁን የማደርገው፣ የፎልደሩን ስም ኮድ ማድረግ ነው። «ቅ-017» ይባል። አማርኛውን ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ርዕስ ውስጥ አስገቡት። ርዕሱ ውስጥ እዝባርም ነጥብም እንደልብ ይገባል፣ የስም ሕጉ እሱን አይመለከትም። ነገ «ሐዋሳ» ወደ «ሀዋሳ» ይቀየር ቢባል የምትነኩት ርዕሱን ብቻ ነው።

የአማርኛ ስም ምን ያህል ሊረዝም ይችላል?

ከምታስቡት ያነሰ። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ላይ የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ማከማቻው ውስጥ ረጅሙ ስም ችግር ባይፈጥር እንኳ፣ አንድ ቀን ሰነዱን ሁሉ ወደ ዲስክ ማውረድ ሲያስፈልግ ይቆማል። ሼርፖይንት ላይ ደግሞ ሙሉ መንገዱ ከነፋይሉ ስም ከ400 ፊደል ማለፍ የለበትም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ስትደራርቡ ይህ ቶሎ ይሞላል።

ስሙን በጄሰኑ ውስጥ ላኩት፣ አድራሻው ላይ አታድርጉት። አድራሻ ላይ እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «ሐምሌ» የምትለዋ ሦስት ፊደል 27 ምልክት ሆና ትሄዳለች።

የላካችሁት ስም ወደ ጥያቄ ምልክቶች ተቀይሮ ከደረሰ መሐል ላይ ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ነገር አለ። ጃቫ የምትጠቀሙ ከሆነ እትሙን እዩ። ጃቫ 18 በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ነው ዩቲኤፍ-8 መነሻው የሆነው። ከዚያ በፊት በማሽኑ ላይ የተመሠረተ ነበር። የእናንተ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ሰርቨሩ ላይ የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ፎልደሩ ተፈጥሯል፣ ወዲያው በፍለጋ ስፈልገው ግን የለም።

ታገሱት። አልፍሬስኮ ፍለጋውን የሚሠራው በተለየ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ነው፣ ኢንዴክሱ ደግሞ ከዳታቤዙ በሰከንዶች ይዘገያል። አሁን የፈጠራችሁትን በመለያው ወይም በወላጁ በኩል ጠይቁ፣ እሱ ከዳታቤዙ ስለሚመጣ ወዲያው ታገኙታላችሁ። ፎልደር አለ ወይ የለም የሚለውን በፍለጋ የሚወስን ፕሮግራም ግን በጭራሽ አትጻፉ።

403 ይለኛል። ተጠቃሚው ኤዲተር ነው እኮ!

403 «ፈቃድ የለህም» ማለት ነው። ኤዲተር የሚለው ስም ያሳስታል። አልፍሬስኮ ላይ ኤዲተር ያለውን ያርማል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ፎልደር ለመፍጠር ወላጁ ላይ ኮንትሪቢዩተር፣ ኮላቦሬተር ወይም ኮኦርዲኔተር መሆን ያስፈልጋል።

እባካችሁ ችግሩን በአድሚን የይለፍ ቃል አትፍቱት። ለፕሮግራሙ የራሱን ተጠቃሚ ክፈቱለት፣ የሚሠራበት ወላጅ ላይ ብቻ ፈቃድ ስጡት። ፎልደር የሚፈጥር ሰው ባለቤቱ ይሆናል። ሁሉም ነገር በአድሚን ስም ከተፈጠረ ነገ «ማን ፈጠረው?» ሲባል መልስ አይኖርም።

መሐል ላይ ያሉ ፎልደሮች ከሌሉስ?

አልፍሬስኮ ላይ «ሪሌቲቭ ፓዝ» የሚባለውን ጄሰኑ ውስጥ ጨምሩ። የጎደሉትን እየፈጠረ ይሄዳል። ጄሲአር የሚባለውን የጃቫ ማከማቻ ደረጃ በሚከተሉ እንደ ጃክራቢት ባሉ ማከማቻዎች ላይ ግን ወላጁ ከሌለ ስህተት ይመጣል። እዚያ በተጨማሪ «ሴቭ» ካላላችሁ ፎልደሩ ሴሽኑ (የእናንተ የገባችሁበት ግንኙነት) ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ሰው አያየውም።

የወር ፎልደሮችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዴት ላድርግ?

ስም ብቻ ከሰጣችኋቸው ዝርዝሩ በፊደል ይደረደራል፣ መስከረምና ጥቅምት ቦታቸውን ያጣሉ። ከፊት ቁጥር አድርጉ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ለፋይናንስ ሰነድ 01-ሐምሌ ብላችሁ ጀምሩ። ጳጉሜን ለብቻዋ ትሁን ወይስ ከነሐሴ ጋር የሚለውን ሒሳብ ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተፈጠረ በኋላ ማስተካከል ያደክማል።

ዓመቱን 7 ወይም 8 እየቀነሳችሁ በራሳችሁ አታስሉ። አዲስ ዓመት አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ ጃቫስክሪፕትም በ«ኢንትል» በኩል ይሰጣችኋል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ፕሮግራሙ የሐምሌ 1ን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቢነሳ፣ ለሰርቨሩ ገና ሰኔ 30 ነው። ፎልደሩ ባለፈው በጀት ዓመት ሥር ይገባል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ብላችሁ በግልጽ ጻፉት፣ ወይም ሥራውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ አድርጉት።

ሲኤምአይኤስ ልጠቀም ወይስ የአልፍሬስኮን የራሱን ኤፒአይ?

ሲኤምአይኤስ ኦአሲስ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የጋራ ደረጃ ነው። አንድ ፕሮግራም ከተለያዩ ማከማቻዎች ጋር እንዲነጋገር ታስቦ ነው የተሠራው። ፎልደር ለመፍጠር እዚያም ስምና ዓይነት ይበቃል። ከአንድ በላይ ሲስተም የምትነኩ ከሆነ ይጠቅማል። አልፍሬስኮ ብቻ ከሆነ የራሱ ይቀላል።

አማዞን ኤስ3 ላይስ?

ኤስ3 የአማዞን የፋይል ማከማቻ ነው። እዚያ ፎልደር የሚባል ነገር የለም። ፋይሉ ስሙ ውስጥ እዝባር አለው፣ ማሳያው እሱን አይቶ ፎልደር ያስመስለዋል። ባዶ ፎልደር መስሎ የሚታየው በእዝባር የሚያልቅ ስም ያለው ዜሮ ባይት ፋይል ነው። መጀመሪያ ፎልደር መፍጠር ሳያስፈልግ ፋይሉን በቀጥታ አስገቡ።

በስህተት 520 ፎልደር የተሳሳተ ቦታ ፈጠርኩ። አሁን ምን ላድርግ?

ሰው ፋይል ማስገባት ጀምሮ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጡ። ከጀመረ አትሰርዙ፣ አንቀሳቅሱ። መለያቸው አብሯቸው ስለሚሄድ በመለያ የተያዘ ሊንክ አይጠፋም።

ባዶ ከሆኑ በመዘገባችሁት የመለያ ዝርዝር አንድ በአንድ ሰርዙ። በስም ፈልጎ መሰረዝ አደገኛ ነው፣ ያልፈጠራችሁትን ይነካል። እያንዳንዱን ከመሰረዛችሁ በፊት ልጅ እንደሌለው ጠይቁ፣ ልጅ ካለው ዝለሉት። የተሰረዘው መጣያ ውስጥ ይቆያል፣ ስሙ ግን ነፃ ይሆናል። በዚያው ስም አዲስ ከፈጠራችሁ በኋላ አሮጌውን ልመልስ ብትሉ 409 ይገጥማችኋል። ስለዚህ የሚመለስ ካለ አዲሱን ከመፍጠራችሁ በፊት መልሱት።